የማሲቢያ ጉርድ በጦር ሜዳ

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ሚስተር ኦግልቢ ውሻውንም አስከንድቶታል። ጦርነቱ ካለቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው ጦርነት ፎቶ ላነሳ ብሎ የመጣው።

የፎቶ ሣጥኑን፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያውንና ጥቁር ጨርቁን በበሬ ጋሪ ጭኖ የቱጌላን ወንዝ ተሻገረና ማሲቢያ የምትባል ሴት ግቢ በር ላይ ቆመ። ፊቱ በፀሐይ ተልጦ የተቀቀለ ድንች መስሏል። እንዲህ የነደደው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ውሃ ነው። እሱ ግን፣

«ጦርነቱ የት ነው?» አለ።

ማሲቢያን አክስቴ የምትለው ልጅ ኖማጉጉ አስተረጎመች። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ተምራለች፤ አራተኛውን ፍየሎቹ ከለከሏት። በዚያ ሸለቆ እንግሊዝኛ የሚችሉት እሷና የከተማው ሱቅ በቀቀን ብቻ ናቸው። በቀቀኑ ደግሞ ከስድብ በቀር አልተማረም።

«አልቋል በይው» አላት አጎቷ ማህላቲ፣ የማሽላ ጠላውን ከአፉ ሳያላቅቅ። «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣ ቤታችን ሲቃጠል ይደርስ ነበር። ብርሃኑ ለፎቶ ይሆን ነበር በይው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መንግሥት በየሰው ራስ ላይ ግብር ጣለ፤ አንዳንዶች ራሳችን የራሳችን ነው ብለው ጫካ ገቡ። ወታደሮቹ ጫካ የገቡትን ሲያጡ ጫካ ያልገቡትን አገኙ። ከማሲቢያ አምስት ጎጆ ሦስቱን አቃጥለው፣ ከፍየሎቹ በቀር ከብቱን ጠራርገው ነድተው፣ መንግሥትን እንድንወድ መክረውን ሄዱ።

ሚስተር ኦግልቢ ስለ ቤቶቹ ሰምቶ ከልቡ አዘነ። አምልጦታላ! ከዚያ ባዶውን የከብት በረት አየና ፊቱ በራ። ከብት የለ፣ ሣር የለ፣ አጥሩ ግማሹ ተቃጥሏል። ጦር ሜዳ ከዚህ ወዲያ የት ይገኛል?

«እዚሁ እንሠራዋለን» አለ።

ለአማፂነት የመረጠው የኖማጉጉን ወንድም ምባንጎን ነበር። ምርጫውስ አያስነቅፍም። ምባንጎ ትከሻው እንደ በር፣ ቁመቱ እንደ ምሰሶ ነው። ሲያዩት ብቻውን አንድ ጦር የሚመልስ ይመስላል። ጦርነቱን በሙሉ ያሳለፈው ግን እዚያው በረት ሥር፣ እህል በሚቀበርበት ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ቀን። ሲወጣ የቆመጠጠ በቆሎ ይሸት ስለነበር የራሳቸው ውሻ ጮኾበታል። ይህን ከቤተሰቡ በቀር ማንም አያውቅም። ከወንዙ ማዶ ላለችው፣ ለሚወዳት ልጅ ለኖክዋዚ የነገራት ሌላ ነው። «የነበርኩበትን አልናገርም» ብሏታል፤ ቃል በቃል ሲታይ ውሸት የለበትም።

ሚስተር ኦግልቢ የልብስ ሣጥኑን ከፈተ። የነብር ቆዳ ነበረው፤ ነብሩን ግን አይጥ በልቶታል። ከጭራው በቀር የተረፈ የለም። ዙሪያውን ሲቃኝ አጥር ላይ የተሰጣ ጥቁር ቆዳ አየ። በስብና በከሰል ታሽቶ የሚያብረቀርቅ፣ ከባድ ግርማ ያለው ቆዳ። አንስቶ ምባንጎ ትከሻ ላይ ጣል አደረገው።

ምባንጎ እባብ እንደወደቀበት ዘለለ።

«ይሄ የአክስቴ ጉርድ ነው!»

እውነቱን ነው። ማሲቢያ ጉርዷን አናፍሳ፣ ሌላ አገልድማ፣ ለተቃጠሉት ቤቶች ክዳን የሚሆን ሣር ልታጭድ ወርዳለች። ያገባች ሴት የቆዳ ጉርድ ደግሞ እኛ ዘንድ እንደ ጋቢ ማንም አንስቶ የሚደርበው ነገር አይደለም። ባሏ እንኳን ዘወር ብሎ ነው የሚያልፈው። ጦር የሚወጣ ወንድማ የሴት ምንጣፍ እንኳን አይረግጥም። የጦር መድኃኒቱ ይረክስበታል፤ ጥይቱም ቤቱን ሳይጠይቅ ያገኘዋል ይባላል።

ኖማጉጉ ይህን ሁሉ አስተረጎመች። ሚስተር ኦግልቢ በትዕግሥት አዳመጠና የቀንድ እጀታ ያለው ሰንጢ ከኪሱ አወጣ።

ምባንጎ ሰንጢውን አየ። ጉርዱን አየ። ሰንጢውን ደግሞ አየ።

«ይሄ ፎቶ ባሕር ማዶ አይደል የሚሄደው?» አላት እህቱን ቀስ ብሎ። «እዚያ ደግሞ ጉርድ የሚለይ ማን አለ?»

«አክስቴ ብትሰማ ትቀብርሃለች።»

«አንቺ ካልነገርሻት ከየት ትሰማለች?»

ሰንጢውን ተቀብሎ ጉርዱን ደረበ። ቀጥሎ ሚስተር ኦግልቢ ሬንጅ የተቀባ ገመድ ጠምዝዞ አናቱ ላይ አሰረለት፤ አግብተው የበሰሉ ወንዶች አናታቸው ላይ የሚያጠልቁት የራስ ቀለበት መሆኑ ነው። ይሄን ጊዜ አጎታቸው ጠላውን አስቀመጠ።

«ሚስት የሌለው ቀለበት? እኔ ይሄን እስካጠልቅ ጢሜ ሸብቷል! እሱ በገመድ?»

ለአጎት ማህላቲም የሚሆን ነገር አልጠፋም። አንድ ከረጢት ትምባሆ ተሰጠውና ያረጀ የፖሊስ ካፖርት ለብሶ በግንባሩ ተደፍቶ ሞተ። በመጀመሪያው ሞቱ አስነጠሰ። በሁለተኛው ደህና ሞተ።

«ተቆጣ በይው» አለ ሚስተር ኦግልቢ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥር።

«ቤታችንን ያቃጠሉትን አስብ» አለችው ኖማጉጉ።

ምባንጎ አሰበና ዓይኑ ውሃ ሞላ።

«ይሄማ ሐዘን ነው። ቁጣ ነው ያልኩት!»

ኖማጉጉ ተጠጋችው። «እሺ። ዘጠኝ ቀን የት እንደነበርክ ዛሬውኑ ሄጄ ለኖክዋዚ እነግራታለሁ።»

ያኔ ቁጣ መጣ። ጥርሱ ተገጠመ፣ አፍንጫው ተነፋ፣ ሚስተር ኦግልቢ ያስያዘው ጦር ከመሬት ተነሳ። «በጣም ጥሩ! እንዳትነቃነቅ!» አለ ሚስተር ኦግልቢ። ጦርነቱም በዚሁ ተጠናቀቀ።

ሁለት ወር እንደሞላ ፎቶው ብቅ አለ። ብቅ ያለው ባሕር ማዶ አይደለም፤ ዳኛው ያለበት ከተማ፣ ሱቁ መስኮት ላይ፣ ከሳሙናውና ከበቀቀኑ መሃል። ምባንጎ ሲሰማ ፍየል ሳያስገባ ሮጠ። ኖማጉጉም ከኋላው።

«ከሥሩ ምን ይላል?»

«‹የአማፂያኑ አለቃ፣ ከገደለው ፖሊስ ሬሳ አጠገብ። በተኩስ መሃል የተነሳ።›»

«አለቃ ይላል?»

«ምባንጎ፣ ከገደለው ፖሊስ ነው የሚለው። ይሄ የሚያስቅ አይደለም።»

«እስቲ አለቃ የሚለውን ብቻ ድገሚልኝ።»

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ለጨው ነው እያለ ከተማ ይሄዳል። እነሱ ቤት ያን ያህል ጨው የሚበላ ሰው የለም። ወሬው ሸለቆውን ዞሮ ኖክዋዚ ዘንድ ሲደርስ ነጭ ዶቃ ላከችለት፤ ልቤ ነጭ ነው ማለቷ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲለማመጣት አንድ ፍሬ ያልላከች ልጅ! ምባንጎ ዶቃውን አንገቱ ላይ አሰረና ከዚያ ወዲያ ምድር አልረገጠም።

አንድ ቅዳሜ መስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ ልክ እንደ ፎቶው አፍንጫውን ነፍቶ፣ ዱላውን እንደ ጦር ይዞ፣ ለሁለት ሴቶች «ማን ይመስላችኋል?» ሲል ሁለት ፖሊሶች ከኋላው ደረሱ። እነሱም ማን እንደሆነ አልጠፋቸውም። መንግሥት ፎቶው ከወጣ ጀምሮ ዘጠኝ ሳምንት በየጫካው ሲፈልገው የከረመው የአማፂ አለቃ በራሱ ፎቶ ሥር ቆሞ ተገኘ። ይህን የመሰለ ምርመራ ታይቶ አይታወቅም።

ኖማጉጉ የፍየል እርጎና የተቀቀለ በቆሎ ይዛ እስር ቤት ሄደች። በሽቦው ቀዳዳ ብታየው ወንድሟ ደረቱን ነፍቶ ተቀምጧል።

«ማክሰኞ ዳኛው ፊት ትቀርባለህ» አለችው። «የፍርድ ቤቱን ዘበኛ አባባ ምፖፋናን ጠይቄያለሁ። አማፂ ከተባልክ ሠላሳ ግርፋት፣ ከዚያ ባሕር ማዶ ደሴት ላይ ድንጋይ መፍለጥ። ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል አሉኝ።»

«የወንድ ጀርባ ይችላል።»

«አንተ እሾህ ሲነቀልልህ እናታችንን የምትጠራ አይደለህ?»

«ያ ትልቅ እሾህ ነበር።»

«ማክሰኞ እውነቱን ተናገር። ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ፣ ቆዳው የአክስቴ ጉርድ ነው በላቸው። እኔ፣ አጎቴ፣ ሁላችንም እንመሰክራለን።»

ምባንጎ ደረቱ ተነፈሰ። ሽቦውን ያዘ።

«ኖማጉጉ፣ ሙት በይኝ። ኖክዋዚ ማክሰኞ ትመጣለች። ሸለቆው በሙሉ ይመጣል። ደሴቱ ይሻለኛል፤ ደሴት ላይ ቢያንስ የሚያውቀኝ የለም። ትንፍሽ እንዳትዪ። በእናታችን አፈር ማይልኝ!»

አባታቸው ሩቅ አገር ወርቅ ሊቆፍር ከሄደ አራት ዓመቱ ነው። እናታቸው የለችም። ለኖማጉጉ ከአንድ ደደብ ወንድም በቀር ማን አላት? ያንን ደደብ ሊወስዱባት ነው፤ እሱ ደግሞ ለመሄድ ደረቱን ያሳምራል። በቆሎውን በሽቦው አሾልካ ሰጠችውና ሳትምልለት ወጣች።

መንገዱን ሙሉ አንድ ዘዴ ስታጠነጥን ነበር። ዳኛው እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ሸለቆው አያውቅም። እውነቱን በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ለዳኛው ብቻ ብትነግረውስ? ወንድሟ ይፈታል፣ ክብሩ አይነካም፣ ኖክዋዚም ዶቃዋን አታስመልስም። ሦስት ዓመት የተማረችው ለዚህ ነው እንጂ ለሌላ ለምን ይሆናል?

ማክሰኞ ችሎቱ በሚቆምበት በቆርቆሮው ቤት እንኳን ሰው፣ ዝንብም ቦታ አላገኘም። ማሲቢያ የበዓል ልብሷን ለብሳ፣ ጥቁር ጉርዷን አገልድማ፣ ምርኩዟን ይዛ ፊት ተቀምጣለች። ፎቶውን እስከዛሬ አላየችም፤ «ልጄን ያሳሰረ ነገር አላይም» ብላለች። ኖክዋዚ ከበሩ ጥግ ቆማለች።

ሚስተር ኦግልቢ መጽሐፍ መትቶ ማለ። «ጥይት በጆሮዬ ሥር እያፏጨ ነው ያነሳሁት። ሟቹ ሲቀበር በዓይኔ አይቻለሁ።» ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣ ሰው ነው። ሌላ ምን ይበል? ያንን ፎቶ እስከ ባሕር ማዶ ሸጦታል።

አጎት ማህላቲ ከመሃል ተነሳ። «ጌታዬ፣ ሟቹ እኔ ነኝ።»

አባባ ምፖፋና አስተረጎሙ። ሃያ ዓመት የፍርድ ቤቱ ዘበኛና አስተርጓሚ የሆኑ ሽማግሌ ናቸው፤ የራስ ቀለበታቸው ጥቁር፣ ፀጉራቸው ነጭ፣ ድምፃቸው ነጋሪት።

«ሟች አይመሰክርም» አለ ዳኛው። «ይቀመጥ።»

«ቆሜ ነው ያለሁት እኮ!»

«የተከሳሹ ዘመድ ነው። ዘመድ ይዋሻል። ሣጥን ግን ዘመድ የለውም፤ ፎቶ አይዋሽም።» ወደ ምባንጎ ዞረ። «በፎቶው ላይ ያለኸው አንተ ነህ?»

ምባንጎ በዓይኑ ጥግ በሩን አየ። ነጭ ዶቃውን ነካ አደረገ።

«እኔ ነኝ!» አለ በጀግና ድምፅ። ሸለቆው አጉረመረመ። አንዲት አሮጊት እልል አለች፤ ሠላሳ ግርፋት የሠርግ ጥሪ መስሏት።

ዳኛው ብዕሩን አነሳ። ኖማጉጉ ተነሳች። ጠረጴዛው ድረስ ሄዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በእንግሊዝኛ ጀመረች።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ አማፂ አይደለም። ጦርነቱን በሙሉ ከበረት ሥር፣ የእህል ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ነበር። ትከሻው ላይ ያለው የነብር ቆዳ አይደለም፤ የአክስቴ ጉርድ ነው። ሰንጢ ተሰጥቶት ነው የለበሰው።»

ሁሉን ነገር አስባበት ነበር፤ አባባ ምፖፋናን ብቻ ረስታለች። በዚያ ቤት የተነገረ ቃል ሁሉ ሕዝቡ እንዲሰማው ይተረጎማል፤ ደንብ ነው። አባባ ምፖፋና ደግሞ በሃያ ዓመት አንዲት ቃል ዘለው አያውቁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉና እስከ ወንዙ በሚሰማ ድምፅ፣

«ልጅቷ የምትለው!» አሉ። «ተከሳሹ ጦርነቱን ያሳለፈው የእህል ጉድጓድ ውስጥ ነው! በፎቶው ላይ የለበሰውም የአክስቱን ጉርድ ነው!»

ራስ ሁሉ ወደ ተከሳሹ ዞረ። የምባንጎ ፊት አመድ መሰለ።

«ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ። «እኔ አለቃ ነኝ! ግረፉኝ! ነብር ነው የለበስኩት!»

«ተከሳሹ አምኗል» አለ ዳኛው ደስ ብሎት። «የልጅቷን ቃል የሚደግፍ ማስረጃ አለ?»

ኖማጉጉ ከእንግዲህ የምታድነው ክብር አልነበረም። የቀረው ጀርባው ነው። ፎቶውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ወደ ማሲቢያ ሄደችና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችላት።

«አክስቴ፣ ይሄን እዪው።»

ማሲቢያ ለልጇ ልታለቅስ ጎንበስ አለች። ከዚያ ማልቀሱን ተወችው። ፎቶውን ወደ ብርሃን አዞረች። ጉርዱ ግራ ጎን ላይ፣ ፍም የበላውን ቀዳዳ በቀይ የጥጃ ቆዳ እሷው በእጇ የጣፈችው አለ፤ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥፍ። ፎቶው ላይ በምባንጎ ትከሻ፣ ልክ እዚያው ቦታ፣ ልክ ያው መዳፍ።

«እና አንተ ነህ!» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ቀስ ማለቱ አለቀ። «ጉርዴ ሬንጅ ሬንጅ ቢለኝ ለአዋቂ ስንት ዶሮ ነው ያረድኩት! የሞቱት አያቶች ተቆጥተውሻል ተብዬ ስንት ሌሊት ነው ያልተኛሁት! አንተ ነህ አያቶቹ? እኔ ለተቃጠለ ቤት ሣር ሳጭድ አንተ በጉርዴ ተሸፍነህ ሣጥን ፊት ታገጣለህ?»

ከመቀመጫዋ መቼ እንደተነሳች ያየ የለም። ምርኩዙ ሦስት ጊዜ ካረፈ በኋላ ነው ፖሊሶቹ የደረሱት። የአማፂያኑ አለቃም «ኧረ አክስቴ! ኧረ ይቅርታ! ሰንጢውን ውሰጂው!» እያለ ጠረጴዛ ሥር ገባ።

ዳኛው ማጉያ መነጽሩን አወጣ። ፎቶውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ማሲቢያ ወገብ ድረስ ጎንበስ ብሎ፣ ጥፉን በማጉያ ማየት ጀመረ። አጎት ማህላቲ ሳለ። ደግሞ ሳለ። ዳኛው ቀና ሲል ጆሮው ቀልቷል።

«ምፖፋና፣ ይህ በእናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው?»

አባባ ምፖፋና ፎቶውን ተቀብለው አዩት። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሃያ ዓመት ያልሳቁበት ቤት ነው።

«ጌታዬ፣ ጦር የሚወጣ ሰው ሴት የተቀመጠችበትን ምንጣፍ ይሸሻል። ይሄን ደርቦ ከአማፂያን መሃል ቢገባ መጀመሪያ የሚገድሉት ራሳቸው አማፂያኑ ነበሩ። ደግሞ ቀለበቱን ይዩት። ጢም የሌለው ልጅ፣ ቀለበት፣ የሴት ጉርድ... ይሄ አለቃ ከነበረ መንግሥት ለምን መድፍ ጎተተ? ለምን ማሲቢያን ብቻ አልላከም?»

ከዚያ በኋላ ቆርቆሮው ቤት የሆነውን መናገር ይከብዳል። ሰው መሬት ላይ ወደቀ። ኖክዋዚ የበሩን መቃን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ምባንጎ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ እያንዳንዱን ሳቅ ሰማ። ኖማጉጉ ግን አልሳቀችም። የዳኛውን ብዕር እያየች ነበር።

ብዕሩ ተቀመጠ። ዳኛው ምባንጎን በነፃ አሰናበተው፤ መንግሥትን የሚያሳስት ፊት ይዞ ስለመቆሙ ግን አጥብቆ ገሠጸው። ሚስተር ኦግልቢን ደግሞ ከፎቶው ሥር ያለውን ጽሑፍ እንዲያርም አዘዘው። በውሸት ስለመማሉ የተነሳ ነገር የለም። የሣጥን ባለቤት ሳይሳሳት አይቀርም ተባለና በዚሁ ታለፈ።

ኖክዋዚ ዶቃዋን አላስመለሰችም። በኖማጉጉ በኩል ግን መልእክት ላከች፤ «ሳገባው ጉርዴን የምሰቅለው ከፍ አድርጌ ነው በይው።»

ኖማጉጉ መልእክቱን ለማድረስ ብዙ ቆየች፤ ምባንጎ እህቱን ማናገር ትቷል። እርጎ ስትሰጠው ይቀበላል፣ ስታናግረው ፍየሎቹን ያያል። ጀርባው ላይ ከማሲቢያ ምርኩዝ በቀር ምንም ምልክት የለም። እሷ በየማለዳው ያንን ጀርባ፣ ቤት ለመክደን መሰላል ሲወጣ፣ ከሥር ሆና ታየዋለች። ዝምታውን ቻለችው።

ሣሩ ተከድኖ ባለቀ በሳምንቱ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«ጨው አልቋል» አለ መሬት መሬት እያየ።

ሱቁ መስኮት ፊት ቆሙ። ፎቶው እዚያው አለ። ሚስተር ኦግልቢ የተሸጠለትን ፎቶ ሊጥል አንጀቱ አልቻለም፤ የታዘዘውን አርሞ ጽሑፉን ቀይሮታል። ምባንጎ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አየ። ሰው የለም።

«አሁን ምን ይላል?» አላት። ከችሎቱ ወዲህ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ ነው።

ኖማጉጉ አነበበች። ሌላ ጊዜ አነበበች። ‹ለመንግሥት ሲዋጋ የወደቀ ፖሊስና፣ በሐዘን የቆመች ሚስቱ።›

አንዴ ሳቅ እስከ ጉሮሮዋ መጣ፤ ዋጠችው። ሳቁ ሲወርድ እንደ ትኩስ ድንች ነበር።

«አለቃ የሚለውን አጥፍተውታል» አለችው።

«አውቄያለሁ።» ትከሻው ወረደ። «እና?»

«‹ያልታወቀ ጀግና› ይላል።»

«ጀግና?»

«ጀግና።»

ምባንጎ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ ቀስ እያለ ደረቱ መነፋት ጀመረ፣ አፍንጫውም ተከተለ፣ ዱላውም ከመሬት ተነሳ።

«ኧረ ና ወዲህ!» ብላ ክንዱን ይዛ ጎተተችው። «ደግሞ ቁምና ይያዙህ! ጨውህን ግዛና እንሂድ!»

ከመስኮቱ ውስጥ በቀቀኑ የሚያውቀውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ለቀቀባቸው።

«ምን አለ?» አላት ምባንጎ።

«እንኳን ደህና መጣህ ነው የሚልህ» አለች ኖማጉጉ።